የእንጦጦ ዳገትና የፍሪሲዮን ችግር

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደው መንገድ ብርቱ ዳገት ነው። ያረጀ ሚኒባስ ሰውና ዕቃ ጭኖ ሲወጣ አንዳንድ ጊዜ ሞተሩ በኃይል ይጮኻል፤ መኪናው ግን አልሄድ ይላል። ተሳፋሪው «ሞተሩ ደከመ» ይላል። እውነት የደከመው ሞተሩ ነው?

ፍሪሲዮን ምን ይሠራል?

በሬ በቀንበር ካልተጠመደ ጉልበቱ ማረሻው ዘንድ አይደርስም። መኪናም እንደዚሁ ነው። ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር ይጠምዳል። ሹፌሩ መርገጫውን ሲረግጠው ደግሞ ይፈታል። በውስጡ ሸራ የተለበጠ ክብ ዲስክ አለ። ሸራው ሲያልቅ ወይም ዘይት ሲነካው ይንሸራተታል። ያን ጊዜ የሞተሩ ጉልበት ወደ ጎማው አይደርስም።

ችግሩን እንዴት እንለያለን?

እንጦጦ ማርያም ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ደህናው ሞተር እንኳ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ድምፁን ማዳመጥ ያስፈልጋል።

1. የሞተሩ ድምፅና የመኪናው ፍጥነት አብረው ከወረዱ፣ ችግሩ የሞተሩ ወይም የጭነቱ ነው።

2. ድምፁ ከፍ እያለ መኪናው ካልፈጠነ፣ የማረር ሽታም ከመጣ፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።

3. ማርሽ ሲገባ የሚንገጫገጭ ከሆነ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይፈታም።

4. መርገጫው ሲረገጥ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ ኩሽኔታው አርጅቷል።

ለማረጋገጥ ሜዳ ላይ፣ ከፊትም ከኋላም ሰው በሌለበት፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ ሦስተኛ ማርሽ ይግባ። ከዚያ መርገጫው ቀስ ተብሎ ይለቀቅ። ሞተሩ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ይይዛል። ሳይጠፋ ከቀጠለ ይንሸራተታል። ፍተሻው ሸራውን ስለሚበላ አይደጋገም።

ምን ይደረግ?

ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት የመርገጫው ካቦ ይታይ። ከመጠን በላይ ከተወጠረ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይይዝም። አንዳንድ ጊዜ ካቦውን ማላላት ብቻ ይበቃል፤ ብዙ ገንዘብም ይተርፋል።

ሹፌርም እግሩን መርገጫው ላይ አሳርፎ መንዳት የለበትም። ዳገት ላይ ሲቆም መኪናውን በፍሬን እንጂ በፍሪሲዮን አይያዝ። ፍሪሲዮኑ የከዳው መኪና ዳገት ላይ ወደኋላ ሊንሸራተት ይችላል። ምልክቱን የሰማ ተሳፋሪ ዝም አይበል፤ ለሹፌሩ ይንገር። የጥቂት ደቂቃ መዘግየት ከሰው ሕይወት አይበልጥም።

ጥያቄዎች

1. ፍሪሲዮን ከቀንበር ጋር የሚመሳሰለው በምንድን ነው?
2. የሞተር ድካምና የፍሪሲዮን መንሸራተት በምን ይለያያሉ?