ሸረሪት በጋውን የት ታሳልፋለች? የማሳ ሸረሪቶችን መጠለያ ስለመጠበቅ



በፑኝዶና በአካባቢው በቆሎና ማሽላ ተሰብስቦ ዝናቡ ሲያቆም ሣሩ ይደርቃል፤ ብዙ ሳይቆይም እሳት ይለቀቅበታል። አንዱ ማሳውን ለማጽዳት፣ ሌላው ለከብቱ አዲስ ሣር እንዲያቆጠቁጥ፣ ሌላው እባብ እንዲርቅለት ብሎ ያቃጥላል። ምክንያቱ ብዙ ነው። በዚህ ትምህርት የምናነሳው በዚያ እሳት ሳናውቀው የምናጠፋትን ሸረሪትን ነው።

ሸረሪት ቅጠል አትበላም፣ ዘርም አትነካም። የምትኖረው ነፍሳትን እያደነች ነው። በ2009 ዓ.ም. በሸካ ዞን ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የታየውን መጤውን የአሜሪካ ተምች እንውሰድ። የተምቹ ቢራቢሮ በአንድ ቦታ ከመቶ በላይ እንቁላል ትጥላለች። የተፈለፈለው ትል መጀመሪያ በቅጠሉ ላይ ይሳባል፤ ከዚያ ወደ ተክሉ መሃል ገብቶ ይደበቃል። መሃል ከገባ በኋላ የሚረጭ መድኃኒት እንኳ በቀላሉ አያገኘውም። ሸረሪት የምትጠቅመን ከዚያ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ነው፤ ትሉ ገና ትንሽ ሆኖ በቅጠል ላይ ሲንቀሳቀስ ትይዘዋለች። እርግጥ ሸረሪት ብቻዋን ተምችን አታጠፋም፤ ማሳን በየጊዜው ማሰስና ትልን በእጅ መልቀም አይቀርም።

ዋናው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ በቆሎው በቡቃያ ደረጃ ሳለ ሸረሪቷ በማሳው ውስጥ ወይም አጠገቡ አለች ወይ? መልሱ የሚወሰነው በበጋው ነው።

በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች የሸረሪት ፈተና ብርድ ነው፤ በወደቀ ቅጠልና በዛፍ ቅርፊት ሥር ተሸሽጋ ክረምቱን ታሳልፋለች። በእኛ አካባቢ ፈተናው ፀሐይ፣ ድርቀት፣ የምግብ እጦትና እሳት ነው። ሸረሪት ረሃብን በመቻል የታወቀች ናት፤ እንቅስቃሴዋን ቀንሳ ለሳምንታት ሳትበላ ትቆያለች። ሰውነቷ መድረቁን ግን እንደ ረሃቡ አትችለውም። ስለዚህ ጥላና ጥቂት እርጥበት ያለበትን ትፈልጋለች፦ የሣር ጉንጉን ሥር፣ የተሰነጠቀ መረሬ አፈር፣ የዛፍ ቅርፊት፣ የቆየ ኩይሳ ቀዳዳ፣ የተከመረ ገለባ።

ሁሉም ዓይነት ግን አንድ አይደለም። መሬት ለመሬት የምትሮጠዋ ቡናማ ሸረሪት ድር ዘርግታ አትጠብቅም፤ የእንቁላል ከረጢቷን ከኋላዋ አንጠልጥላ ትዞራለች፣ ልጆቿ ሲፈለፈሉም በጀርባዋ ታዝላቸዋለች። ዘላይዋ ትንሽ ሸረሪት በደረቀ ቅጠል እጥፋት ውስጥ ከድር የተሠራ ከረጢት ሠርታ ትገባለች። ክብ ድር ከሚሠሩት ብዙዎቹ ራሳቸው ይሞቱና ከሣር ግንድ ላይ የተጣበቀ የእንቁላል ከረጢት ይተዋሉ። እንግዲህ በጥር ወር በደረቅ ሣር ላይ እንደ ጥጥ ያለ ትንሽ ኳስ ብታዩ፣ የመጪው ዓመት ሸረሪቶች ሊሆኑ ይችላሉና አትጣሉት።

እሳት ሲመጣ በአፈር ስንጥቅ ውስጥ በጥልቀት ያለችው ልትተርፍ ትችላለች፤ በሣሩ ላይ ያለችውና ከረጢቱ ግን ይቃጠላሉ። ሸረሪቶች ተመልሰው አይመጡም ማለት አይደለም። ልጆቻቸው ክር ለቀው በነፋስ ተንሳፍፈው ከሩቅ ይመጣሉ። ነገር ግን የተምቹ ቢራቢሮም በነፋስ ትመጣለች፣ በሞቃት ወቅትም በአንድ ወር ገደማ አዲስ ትውልድ ታወጣለች። አብዛኞቹ ሸረሪቶች በዚህ ፍጥነት አይራቡም። ስለዚህ ቀድሞ በማሳው ዳር የተረፈች ሸረሪት ዋጋዋ ትልቅ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «አገዳውን የምናቃጥለው እኮ አገዳ ቆርቁርን ለመግደል ነው» ትላላችሁ። ትክክል ነው፤ የአገዳ ቆርቁር ትል በጋውን በአገዳው ውስጥ ያሳልፋል፣ አገዳውን እንደቆመ መተው ለትሉ ቤት መስጠት ነው። ግን ሌላ መንገድ አለ። አገዳውን ከሥሩ ቆርጣችሁ ሳትከምሩ በማሳው ላይ በስሱ አጋድማችሁ ለአራት ሳምንት ያህል ለፀሐይ አስጡት። ሙቀቱና ድርቀቱ በውስጡ ያለውን አብዛኛውን ትል ይገድለዋል፤ ከዚያ በኋላ ለአጥር ወይም ለማገዶ ይሆናል። መጤው ተምች ደግሞ ሙሽራው በአፈር ውስጥ ስለሚሆንና በወንዝ ዳር ባለ አረንጓዴ በቆሎ ላይ መራባቱን ስለሚቀጥል፣ ደረቅ አገዳ በማቃጠል እምብዛም አይነካም።

ለሸረሪቷ የምታዘጋጁት መጠለያ ወጪ የለውም። በማሳው ዳርቻ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው የሣር መስመር ሳይታጨድ ይቆይ። በዙሪያው ያለውን ሣር ግን ከኅዳር ሳያልፍ እስከ አፈሩ ጠርጋችሁ የእሳት መከላከያ አድርጉ፤ ያለዚያ የጎረቤት እሳት ገብቶ ልፋታችሁን ይበላዋል። ስለዚህ ማቃጠል የግድ ከሆነ ቀኑንና ቦታውን ከማሳ ጎረቤቶቻችሁ ጋር ተስማሙ። ይህ ከሁሉም የሚከብደው ሥራ ነው፣ ሞዴል አርሶ አደር የሚያስፈልገውም እዚሁ ላይ ነው።

ሣር በሌለበት ማሳ የሣር ነዶ አስራችሁ በየጥጉ አቁሙ። በቻይና የሩዝ አርሶ አደሮች ለሸረሪት መጠለያ እንዲሆን የገለባ ነዶ በማሳቸው ያቆማሉ። ለነዶው የበቆሎ ወይም የማሽላ አገዳ አትጠቀሙ፤ ቆርቁሩን ታስጠልላላችሁ። ነዶ እባብና ጊንጥም ይወዱታልና ከመኖሪያ ቤት አርቁት፣ ስታነሱትም በመጀመሪያ በዱላ ነካ ነካ አድርጉት እንጂ እጃችሁን አታስገቡ።

ጊሎ ወንዝ በክረምት ሲሞላ ደግሞ ሸረሪቶች ወደ ላይ ይወጣሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 በፓኪስታን በደረሰው ጎርፍ ዛፎች ከላይ እስከ ታች በድር ተሸፍነው ታይተዋል። በወንዝ ዳር የምታርሱ በማሳው አጠገብ ያሉትን ጥቂት ቁጥቋጦዎችና ዛፎች አትቁረጡ።

ለተግባር ልምምድ፦ ከማሳችሁ ግማሹን ዳር በሣር መስመር፣ ግማሹን እንደ ወትሮው ያዙ። በቆሎው ከበቀለ ከሦስት ሳምንት በኋላ በማለዳ፣ ጤዛው ድሩን ሲያሳየው፣ በሁለቱም በኩል ሃያ ሃያ ተክል እያያችሁ ሸረሪቱንና በተምች የተበላውን ተክል ለየብቻ ቁጠሩ። ቁጥሩን ጽፋችሁ ለቀበሌያችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አምጡ፤ በሚቀጥለው ስልጠና የሁላችሁንም አብረን እናያለን።