የስታቲስቲክስ ፈተና፦ ከቀመሩ በፊት ጥያቄው



ውድ የጀማዓችን እህቶችና ወንድሞች፣ የሴሚስተሩ ማጠቃለያ ፈተና ተቃርቧል። ከኢንጂነሪንግ ክፍል ያለን ልጆች ከሳይኮሎጂ ተማሪዎች ጋር ለጥናት ስንቀመጥ ደጋግመን የምንሰማው አንድ ነገር አለ፦ «እኛ ሰውን ልናጠና ገባን፤ ሒሳቡ ከየት መጣ?» ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከእሱ እንነሳ።

ሒሳቡ የመጣው ከራሱ ከሰው ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልዲያና መርሳ ድረስ ዘልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንቱ እንቅልፍ አጣ? ስንቱ ልጅ ትምህርት ላይ ልቡ አልሰበሰብ አለው? ይህን ማንም በግምት ሊናገር አይችልም። ነገ ከእናንተ አንዷ በሀብሩ ቀበሌዎች መጠይቅ ይዛ ስትዞር ያገኘችውን መልስ ሳታጋንን፣ ሳታሳንስ መናገር ይጠበቅባታል። ቁጥሩ ከተዛባ እርዳታው ላላስፈለገው ይደርስና ያስፈለገው ይቀራል። ስለዚህ ቁጥርም አማና ነው።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ብዙዎቻችን ቀመር በመሸምደድ እንጀምራለን። ፈተና ላይ ግን ቀመሩን እያወቁ የትኛውን እንደሚጠቀሙ አለማወቅ ይበዛል። ስለዚህ ካልኩሌተር ከመንካታችን በፊት እንዲህ እንጠይቅ፦

1. የተለካው ነገር በነጥብ የሚገለጽ ነው ወይስ በምድብ (አዎ/አይደለም፣ ወንድ/ሴት)?
2. የምናነጻጽረው ስንት ቡድን ነው?
3. ቡድኖቹ የተለያዩ ሰዎች ናቸው ወይስ እነዚያው ሰዎች ሁለት ጊዜ ተለክተው?

መልሱ መንገዱን ያሳያል። የወልዲያና የመርሳ ተማሪዎችን አማካይ የጭንቀት ነጥብ ለማነጻጸር የነጻ ቡድኖች ቲ-ቴስት እንጠቀማለን። እነዚያኑ ተማሪዎች ከሥልጠና በፊትና በኋላ ከለካን የጥንድ ቲ-ቴስት ነው። ከተማ፣ ወረዳና ገጠር ብለን ሦስት ቡድን ካደረግን አኖቫ ይሆናል። ፆታና የምክር አገልግሎት መጠቀም ይያያዛሉ ወይ ካልን ሁለቱም ምድብ ስለሆኑ ካይ-ስኩዌር ነው። የእንቅልፍ ሰዓትና የጭንቀት ነጥብ ሁለቱም በቁጥር የሚለኩ ስለሆኑ ግንኙነታቸውን በኮሪሌሽን እናያለን።

አንድ ምሳሌ በእጃችን እንሥራ

አምስት ተማሪዎች ከሥልጠና በፊት 18፣ 15፣ 20፣ 17፣ 19 የጭንቀት ነጥብ አመጡ እንበል። ከሥልጠናው በኋላ በቅደም ተከተል 17፣ 12፣ 16፣ 12፣ 12 ሆነ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸውና ጥንድ ነው።

ልዩነቶቹ 1፣ 3፣ 4፣ 5፣ 7 ናቸው። ድምራቸው 20፣ አማካያቸው 4። እያንዳንዱ ከ4 ያለው ርቀት ‎-3፣ ‎-1፣ 0፣ 1፣ 3 ሲሆን ስኩዌራቸው 9፣ 1፣ 0፣ 1፣ 9፤ ድምሩ 20። ለ4 (ከ5 አንድ ሲቀነስ) ስናካፍል ቫሪያንሱ 5 ይሆናል። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ የ5 ስኩዌር ሩት ነው። እሱን ደግሞ ለተማሪዎቹ ብዛት ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ለ5 ስኩዌር ሩት ስናካፍል ስታንዳርድ ኤረሩ 1 ይመጣል። ቲ = 4 ÷ 1 = 4።

ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ 4 ነው። በሠንጠረዡ ላይ በ0.05 ባለ ሁለት ጫፍ የሚገኘው ቁጥር 2.776 ነው። 4 ስለሚበልጥ «ለውጥ የለም» የሚለውን ነል ሃይፖቴሲስ ውድቅ እናደርጋለን። እንዲህ ባለ ትንሽ ናሙና ላይ ለመፍረድ የሚያስችለውን ዘዴ ዊሊያም ጎሴት እ.ኤ.አ. በ1908 ያሳተመው «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ነበር፤ ስሙም እስከ ዛሬ ከሠንጠረዡ ጋር ቀርቷል።

ነጥብ የሚቀነስበት ቦታ

ሒሳቡ ትክክል ሆኖ አተረጓጎሙ የሚበላሽበት ጊዜ ብዙ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ «ሥልጠናው ጭንቀትን ቀነሰ» ብለን ብንደመድም ቸኩለናል። ሥልጠና ያልወሰደ ማነጻጸሪያ ቡድን የለንምና ጭንቀቱ በጊዜ ብዛት በራሱ ቀንሶ ሊሆን ይችላል። የምንለው «ነጥቡ ቀንሷል» ብቻ ነው።

ፒ-ቫሊዩ 0.03 ሲሆንም «ነል ሃይፖቴሲስ እውነት የመሆን ዕድሉ 3 በመቶ ነው» ማለት አይደለም። ትርጉሙ፣ በእውነት ልዩነት ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የማግኘት ዕድላችን 3 በመቶ ነው ማለት ነው። ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውም አንዱ ሌላውን አመጣ አያሰኝም።

እንዴት እናጥና?

ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ፣ የተማርነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት እንደሚጠፋና ከዚያ በኋላ መጥፋቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። መድኃኒቱን የወሎ ደረሳ ድሮም ያውቀዋል፦ ሙራጀዓ። ደረሳው ኪታቡን አንዴ አንብቦ አይተወውም፤ ዘግቶ ለጓደኛው ያሰማል፤ በማግስቱ ይመለስበታል፤ ከሳምንት በኋላም እንደገና።

ስታቲስቲክስንም እንዲሁ እንያዘው። የተሠራ ጥያቄ ማንበብ የገባን ያስመስላል፤ ደብተር ዘግቶ መሥራት ግን ያልገባንን ያጋልጣል። በቀን ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ አንድ አዲስ፣ አንድ የትናንት፣ አንድ የባለፈው ሳምንት። የትኛው ቴስት እንደሆነ እንዳይታወቅ ጥያቄዎቹን እንቀላቅላቸው። መልሱን በቃል ለጓደኛ ማስረዳት ካቃተን ወደ ደብተሩ እንመለስ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተናን በ50 በመቶና ከዚያ በላይ ማለፍ ስላለበት፣ ዛሬ በሚገባ የያዝነው ለዚያም ስንቅ ይሆነናል። ሰበቡን እናድርስ፣ ከዚያ በአላህ ላይ እንመካ። ቀድሞ የገባው ላልገባው ያስረዳ፤ ያልገባው ለመጠየቅ አይፈር።

አላህ ዕውቀታችንን ለሰው የሚጠቅም ያድርግልን። መልካም ፈተና!