ስድስቱ ነጥቦች

በፈረንሳይ አገር ከፓሪስ ከተማ በስተ ምሥራቅ ኩቭሬ የምትባል አንዲት ትንሽ መንደር አለች። በዚያች መንደር ኮርቻና ልጓም፥ ሌላም የፈረስ ዕቃ ከቆዳ እየሠራ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድር አንድ ሰው ይኖር ነበር። ለዚህም ሰው በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1809 ዓ.ም. በጥር ወር አንድ ወንድ ልጅ ተወለደለት። የልጁም ስም ሉዊ ብሬል ተባለ።

ሉዊ ሦስት ዓመት በሆነው ጊዜ አባቱ ወደሚሠራበት ቤት ገብቶ በቆዳ ቍራጭ ይጫወት ጀመር። አባቱ ቆዳ ሲበሳ አይቶ ነበርና እርሱም እንደ አባቱ ለማድረግ ብሎ ወስፌ አነሣ። ነገር ግን እጁ ገና የሕፃን እጅ ስለ ነበረ ወስፌው አዳልጦት ዓይኑን ወጋው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ቍስል የሚያድን መድኃኒት አልነበረም። ቍስሉ አመረቀዘ፥ ሕመሙም ወደ ሁለተኛው ዓይን ተሻገረ። አምስት ዓመት ሲሞላው ሁለቱም ዓይኖቹ ፈጽመው ጠፉ።

በዚያ ዘመን የብዙ ዕውር ዕጣ በመንገድ ዳር ተቀምጦ መለመን ነበረ። የሉዊ አባትና እናት ግን ልጃቸውን ለእንዲህ ያለ ኑሮ አልተዉትም። ከሚያዩት ልጆች ጋራ ወደ መንደሩ ትምህርት ቤት ላኩት፤ እርሱም መምህሩ የሚናገረውን በጆሮው እየሰማ በልቡ ይይዝ ነበር። አሥር ዓመት በሆነው ጊዜ፥ በ1819 ዓ.ም.፥ በፓሪስ ወደ ነበረው የዕውሮች ትምህርት ቤት ገባ።

በዚያ ትምህርት ቤት መጻሕፍት ነበሩ፤ ፊደላቸውም ከወረቀቱ ላይ ከፍ ብሎ የታተመ ስለ ሆነ በጣት ይዳሰስ ነበር። ይህን ዘዴ ያወጣው የትምህርት ቤቱ መሥራች ቫለንቲን አዊ ነው። ሥራው መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ሁለት ጕድለት ነበረበት። አንደኛው፥ ፊደሉ ለዓይን እንጂ ለጣት የተሠራ ስላልሆነ፥ እያንዳንዱን ዳስሶ ለመለየት ብዙ ጊዜ ይፈጅ ነበር፤ መጽሐፉም ትልቅና ከባድ ነበረ። ሁለተኛው፥ ተማሪው ያን ፊደል ያነበዋል እንጂ በራሱ እጅ መጻፍ በቀላሉ አይሆንለትም ነበር። ለእናቱ ደብዳቤ መላክ ቢፈልግ የልቡን ነገር ለሌላ ሰው ነግሮ ማስጻፍ ነበረበት።

በ1821 ዓ.ም. ሻርል ባርቢየ የሚባል ቀድሞ የጦር መኰንን የነበረ ሰው በነጥብ የሚጻፍ ጽሕፈት አውጥቶ ወደ ትምህርት ቤቱ አመጣ። ሉዊም በዳሰሰው ጊዜ ነጥብ ከመስመር ይልቅ ለጣት የሚመች መሆኑን አስተዋለ። ይሁን እንጂ የባርቢየ ምልክት እስከ አሥራ ሁለት ነጥብ ስለ ነበረው አንድ ጣት በአንድ ጊዜ ሊሸፍነው አልቻለም፤ ደግሞም ድምፅን እንጂ የቃሉን ትክክለኛ አጻጻፍ አያሳይም ነበር።

ያን ጊዜ ሉዊ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረ። ይህንን ለማቅናት ቈርጦ ተነሣ። ቀን ትምህርቱን እየተማረ፥ ሌሊት ጓደኞቹ ሲተኙ ወረቀት እየወጋ ይዳስስ፥ የማይረባውን ትቶ እንደ ገና ይጀምር ነበር። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፥ ሦስት ዓመት ደክሞ በ1824 ዓ.ም. የሚፈልገውን አገኘ።

ዘዴው ይህ ነው። ስድስት ነጥቦች፥ ሦስቱ በግራ፥ ሦስቱ በቀኝ፥ ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ። ከስድስቱ አንዳንዱን በማንሣትና አንዳንዱን በመተው 63 ልዩ ልዩ ምልክት ይወጣል። ከላይ በግራ ያለችው ነጥብ ብቻዋን ብትነሣ የፈረንሳይ ፊደል መጀመሪያ የሆነው «አ» ናት፤ ከእርስዋ በታች ያለችው ብትጨመር ሁለተኛው «ቤ» ይሆናል። ምልክቱ ሁሉ በአንድ ጣት ጫፍ ሥር ይገባል። ጸሐፊው ወረቀቱን ከጀርባው ስለሚወጋው ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ግን ነጥቦቹ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ። የሚጻፍበትም መሣሪያ ሹል ሆኖ ወስፌን ይመስላል።

ሉዊ ይህን ዘዴ በ1829 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያው ትምህርት ቤትም መምህር ሆነ። ተማሪዎቹ አዲሱን ጽሕፈት እጅግ ወደዱት። ከሚያዩት ሰዎች ግን ብዙዎቹ፥ ራሳቸው ሊያነቡት ስላልቻሉ፥ ዕውር ከሌላው ሰው የተለየ ፊደል ሊኖረው አይገባም ብለው ያስቡ ነበር። በ1840 ዓ.ም. የተሾመውም አዲስ አለቃ ጽሕፈቱን ከለከለ። ተማሪዎቹ ግን አንድ ጊዜ በራሳቸው ጣት ማንበብን ቀምሰዋልና በስውር ይጽፉና ያነቡ ነበር። በ1844 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ የጽሕፈቱ ጥቅም በሕዝብ ፊት ተገለጠ፤ ክልከላውም ቀረ።

ሉዊ ብዙ ዘመን በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በ1852 ዓ.ም. በ43 ዓመቱ ሞተ። የአገሩ መንግሥት ጽሕፈቱን የተቀበለው ከዚያ ሁለት ዓመት ቈይቶ ነው። በሞተ በመቶ ዓመቱ፥ በ1952 ዓ.ም.፥ አፅሙ የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወደሚቀበሩበት ወደ ፓንቴዎን ተወሰደ፤ እጆቹ ግን በተወለደባት በኩቭሬ ቀሩ። ዛሬ በስድስቱ ነጥቦች የብዙ አገር ቋንቋ ይጻፋል። በኢትዮጵያም አማርኛ በእነርሱ ይጻፋል፤ በሰበታና በሌላም ስፍራ ዓይነ ሥውራን ልጆች በጣታቸው እያነበቡ ተምረዋል፤ ከእነርሱም መምህራንና ሕግ ዐዋቂዎች የሆኑ አሉ።

ሉዊን ያሳወረው ወስፌ ነበረ፤ ለዕውሮችም ንባብን የከፈተው ወስፌን የሚመስል መሣሪያ ነው። ጕዳት ያገኘው ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ጕዳቱን እያሰበ ተቀምጦ ያለቅሳል፥ ወይ እንደ እርሱ የተጐዱት የሚረዱበትን ይፈልጋል። ሉዊ ሁለተኛውን መረጠ፤ ምስጋናውም እስኪመጣ አልጠበቀም። ሁለት ዓይን ያለው ተማሪም ፊደል መቍጠር በሰለቸው ጊዜ፥ ሌሊት ወረቀት እየወጋ የሚዳስሰውን ልጅ ያስብ፤ መጽሐፉንም እንደ ገና ይክፈት።

ጥያቄ።
፩፤ ሉዊ ዓይኑን ያጣው እንዴት ነው?
፪፤ በትምህርት ቤቱ የነበሩት የቀድሞ መጻሕፍት ጕድለታቸው ምን ነበረ?
፫፤ ተማሪዎቹ በስውር ይጽፉ የነበሩት ስለ ምን ነው?