ቡችላ ስለ መምረጥና ውሻን ስለ ማስተማር

በሐድያና በከምባታ አገር ለሚገኙ የመንደር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተሰናዳ

፩፤ ውሻ በእንሰት አገር ያለው ሥራ

ከለማዳ እንስሳት ሁሉ አስቀድሞ ከሰው ጋራ መኖር የጀመረ ውሻ ነው። በሬ ለእርሻ፥ ላም ለወተት፥ ፈረስ ለጉዞ ወደ ሰው ቤት ሳይመጡ ውሻ ከአዳኞች እሳት አጠገብ ይተኛ እንደ ነበር የጥንት አጥንት የመረመሩ ሊቃውንት ገልጠዋል። ዳሩ ግን ይህን ያህል ዘመን አብሮ ለኖረ እንስሳ የሚደረገው ጥንቃቄ ጥቂት ነው። ጊደር የሚገዛ ሰው እናቷን ይጠይቃል፥ ጥርሷን ያያል፥ አረማመዷን ይመረምራል። ቡችላ የሚወስድ ሰው ግን ከጐረቤት የተረፈውን በጆንያ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፥ ከሾኔ እስከ አንጋጫ ባለው አገር የገበሬው ቤት በእንሰት የተከበበ ነው። እንሰት ለቆጮና ለቡላ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ይህ የብዙ ዓመት ድካም ጃርት ወይም ከርከሮ አንድ ሌሊት ሥሩን ቢቆፍረው ይጠፋል። ከዚህም በቀር ጃርትና ፍልፈል የታመመውን እንሰት እየበሉ ወደ ጤነኛው ሲያልፉ የአጠውልግ በሽታን ሊያዛምቱ ይችላሉ። በጋጣ ላሉት በጎችና ጥጆች ደግሞ ጅብ አለባቸው። ስለዚህ በዚህ አገር ውሻ የጓሮና የበረት ዘበኛ እንጂ ትርፍ እንስሳ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሳይመረጥ የመጣ፥ ሳይማር ያደገ፥ ሳይከተብ የቀረ ውሻ ቤቱን እጠብቃለሁ ሲል የቤቱን ልጅ ይጐዳል። የውሻ መልካምነትና ክፋት የሚወሰነው በአብዛኛው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ወራት በሚደረግለት ነገር ስለ ሆነ፥ ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈውን ማወቅ ለእያንዳንዱ ቤት ይጠቅማል።

፪፤ ቡችላን ስለ መምረጥ

በመጀመሪያ የምትታየው እናቲቱ ናት። እንግዳ ሲመጣ የምትጮኽ፥ ባለቤቷ «ተይ» ሲላት ግን ዝም የምትል፥ ልጆች በአጠገቧ ሲያልፉ የማትደነግጥ ከሆነች ከልጆቿ መልካም ጠባይ ተስፋ ይደረጋል። ሰው ባየች ቍጥር ጅራቷን ሸጕጣ የምትሸሽ ወይም ያለ ምክንያት የምትናከስ ከሆነች ግን ቡችሎቿን መተው ይሻላል። ከውሻ ንክሻ ብዙው የሚመጣው ከድፍረት ሳይሆን ከፍርሃት ነውና።

ሁለተኛው ነገር ዕድሜ ነው። ቡችላ ዐይኑን የሚገልጠው በተወለደ በ2 ሳምንት ገደማ ሲሆን፥ እስከ 8 ሳምንት ድረስ ከእናቱ ሊለይ አይገባውም። በዚህ ጊዜ ጡት ከመጥባቱ በላይ ታላቅ ትምህርት ይማራል። ሲጫወት ወንድሙን አጥብቆ ቢነክሰው ወንድሙ ጮኾ ጨዋታውን ይተውበታል፤ እርሱም ከዚህ የተነሣ የጥርሱን ኃይል መመጠን ይለምዳል። በ4ኛው ሳምንት ከእናቱ የተነጠቀ ቡችላ ይህን ሳይማር ስለሚቀር፥ አድጎ ከልጆች ጋራ ሲጫወት ጥርሱን መግታት ያቅተዋል።

ሦስተኛው ጤንነት ነው። ዐይኑ የጠራ፥ አፍንጫው ንፍጥ የሌለበት፥ ድዱ ቀላ ያለ፥ አካሄዱ የቀና ሊሆን ይገባል። ሆዱ ተነፍቶ ጐድኑ ከቀጠነ የሆድ ትል እንዳለበት ይጠረጠራልና የእንስሳት ሐኪም መድኃኒት ይስጠው። ቁንጫና መዥገር ካለበትም ወደ ቤት ሳይገባ ይጽዳ።

አራተኛው ጠባይ ነው። ይህንም ለማወቅ ቡችሎቹ ካሉበት ስፍራ ዝም ብሎ ተቀምጦ መመልከት ያስፈልጋል። አንዱ ሌሎቹን ረግጦ እየሮጠ ይመጣል፤ አንዱ ጥግ ገብቶ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱ ደግሞ ጥቂት ቆሞ ካየ በኋላ እያሸተተ ይቀርባል። ልጆች ላሉበት ቤት የሚሻለው ይህ ሦስተኛው ነው። ከዚያም ከወደ ኋላው በቀስታ እጅ ቢያጨበጭቡ፥ ደንግጦ ወዲያው የሚረጋጋውና ድምፁ ከወዴት እንደ መጣ የሚፈልገው ጥሩ ቡችላ ነው። ይህን ምርመራ በሌላ ቀን መድገም ይገባል፤ የጠገበና የተራበ ቡችላ አንድ ጠባይ አያሳዩምና።

ሴት ቡችላን በሚመለከት ደግሞ በብዙ ስፍራ የሚሠራ ስሕተት አለ። «ሴት ናት» ተብላ በመንገድ ወይም በገበያ ዳር ትጣላለች። የተጣለችው ግን ከሞት ከተረፈች ባለቤት የሌላት ውሻ ትሆናለች፤ የውሻ እርግዝናም 63 ቀን ያህል ብቻ ስለ ሆነ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ዛሬ የጣላት ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ መንደሩን የሚያስጨንቀውን የባዘነ ውሻ መንጋ ያገኘዋል። በጥበቃና በትምህርት ግን ሴት ውሻ ከወንድ አታንስም።

በከተማ የሚኖሩ አንዳንድ ሰዎች ከውጭ አገር ዘር የመጣ ትልቅ ውሻ ይመኛሉ። እንዲህ ያለው ውሻ ብዙ ቀለብና ብዙ ሥራ ይፈልጋል። የአገሩ ውሻ ግን አየሩንም ምግቡንም የለመደ ስለ ሆነ ለገበሬ ቤት የሚስማማው እርሱ ነው።

፫፤ የውሻ መምህር ማን እንደ ሆነ

የውሻ መምህር ተብሎ ከሩቅ የሚፈለግ ሰው የለም፤ የመጀመሪያው መምህር ቤተ ሰቡ ነው። ቡችላ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ በሰላም ያየውንና ያሸተተውን ሁሉ እንደ ወዳጅ ይቈጥራል። በዚህ ጊዜ ሕፃናትን፥ ሽማግሎችን፥ ከብቶችን፥ ዶሮዎችንና እንግዶችን ቀስ እያለ ሊለምድ ይገባዋል። በሃይማኖቱ ሥርዓት ምክንያት ውሻን ወደ ቤት ውስጥ የማያስገባ ሰው ቢኖር፥ ከደጃፉ ዝናብና ፀሐይ የማይነካው ማደሪያ ቢሠራለት ትምህርቱ አይጓደልም።

ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ ቃል መስማማት ያስፈልጋል። ትእዛዙ በሐድይኛ ወይም በከምባትኛ ወይም በአማርኛ ቢሆን ለውሻው ልዩነት የለውም፤ ነገር ግን አባት በአንዱ፥ እናት በሌላው፥ ልጅ በሦስተኛው ቋንቋ ቢያዙት ግራ ይገባዋል። ደግሞም አባት ከማዕድ የከለከለውን ልጅ በስውር ቢሰጠው ውሻው የሚማረው ልመናን ነው።

ትምህርቱ አጭር ይሁን፤ በአንድ ጊዜ 5 ደቂቃ፥ በቀን ሦስት ጊዜ ይበቃል። አስቀድሞ ስሙን፥ ቀጥሎ «ና»፥ ከዚያም «ቁጭ በል»ና «ተው» ይማራል። በታዘዘ ጊዜ ወዲያው ቍራሽ ቆጮ ቢሰጡትና በለሰለሰ ድምፅ ቢያመሰግኑት ትእዛዙ በልቡ ይቀመጣል። ቢዘገይ ግን ሽልማቱ ስለ ምን እንደ ተሰጠው አያውቅም። ቅጣትም እንዲሁ ነው። ጠዋት ለሠራው ጥፋት ማታ የተመታ ውሻ የሚማረው የጌታውን እጅ መፍራት ብቻ ነው። «ና» ተብሎ ሲመጣ የሚመታ ውሻማ ሁለተኛ አይመጣም።

አንዳንድ ሰዎች ውሻው ኃይለኛ እንዲሆን ጆሮውን ይቈርጡታል፥ በርበሬ ያበሉታል፥ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ያስሩታል። ይህ ሁሉ ውሻውን በሕመምና በፍርሃት እንዲናከስ ያደርገዋል እንጂ ጥበቃን አያስተምረውም። ደኅና ዘበኛ ወዳጅንና ባዕድን የሚለይ ነው፤ በሕመም የተቈጣ ውሻ ግን ማንንም አይለይም።

ለእንሰት ጥበቃ የሚያድግ ውሻ ከሁሉ ይልቅ «ተው» ሲባል መመለስን ሊያውቅ ይገባዋል። ጃርትን በአፉ ሊይዝ የሚሞክር ውሻ እሾሁ በአፉና በደረቱ ተሰክቶ ይታመማልና። ስለዚህ ከሩቅ ጮኾ ማባረርን ይልመድ።

፬፤ በገንዘብ የሚያስተምር ሰው ሲፈለግ

በትልልቅ ከተሞች ውሻን በዋጋ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ፤ በመንደርም ውሻ በማሳደግ የታወቀ ሽማግሌ ወይም እረኛ አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ሰው ከመቅጠር ወይም ከመለመን በፊት አራት ነገሮችን መመርመር ያሻል።

መጀመሪያ፥ ያስተማራቸውን ውሾች በባለቤቶቻቸው ቤት ማየት ነው። በመምህሩ ፊት ብቻ የሚታዘዝ ውሻ አልተማረም። ሁለተኛ፥ መምህሩ ሲያስተምር ባለቤቱ አብሮ እንዲቆም መፍቀዱን ማወቅ ነው። ከውሻው ይልቅ መማር የሚያስፈልገው ባለቤቱ ስለ ሆነ «አንድ ወር ተውልኝና ኃይለኛ አድርጌ እመልስልሃለሁ» የሚለውን ማመን አይገባም። ሦስተኛ፥ ውሻው ሲሳሳት ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ ነው። መልሱ ዱላ ከሆነ ሌላ መምህር ይፈለግ። አራተኛ፥ ውሻው ተከትቦ እንደ ሆነ መጠየቁን መመልከት ነው። ስለ ክትባት የማይጠይቅ ሰው ለራሱም ለሌሎቹ ውሾችም አያስብም።

፭፤ ስለ ውሻ ምግብና ስለ በዓል ቀን

በሐድያ ያሆዴ፥ በከምባታ መሳላ በሚከበርበት በመስከረም ወራት ከብት በየመንደሩ ይታረዳል። በዚህ ጊዜ ውሃ የቋጠረ እባጭ ያለበት ጕበት ወይም ሳንባ ለውሻ ይጣላል። ይህ እጅግ የሚጎዳ ልማድ ነው። በእባጩ ውስጥ ያለው ነገር በውሻው አንጀት ገብቶ ከኮሶ ወገን የሆነ ትንሽ ትል ይሆናል፤ የትሉም ዕንቍላል ከውሻው ዐይነ ምድር ጋራ ይወጣል። ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ልጅ ዕንቍላሉን ቢውጠው በጕበቱ ወይም በሳንባው ውስጥ እንዲሁ ያለ እባጭ ያድግበታል። ስለዚህ የታመመው ሥጋ ይቃጠል ወይም ውሻ ቈፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር።

፮፤ ስለ ዕብድ ውሻ በሽታ

ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይታይ ግን ፈጽሞ መከላከል ይቻላል። በ1877 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1885) ዕብድ ውሻ ብዙ ቦታ የነከሰውን ዮሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ እናቱ ይዛው ወደ ፓሪስ መጣች። ሉዊ ፓስተር የተባለው ሊቅም ያዘጋጀውን ክትባት አሰጥቶት ልጁ ከሞት ዳነ። በአዲስ አበባ ያለውን የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሕዝቡ ዛሬም «ፓስተር» እያለ የሚጠራው ከዚህ ሊቅ ስም የተነሣ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያስረዳው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ። በሽታው ከያዛቸው ከ100 ሰዎች 99ኙ ያህል ያገኙት ከውሻ ነው። ዕብድ ናቸው ተብለው በተጠረጠሩ እንስሳት ከተነከሱት ከ100 ሰዎችም 40ው ያህል ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

የታመመ ውሻ ጠባዩ በድንገት ይለወጣል። ለማዳው ቍጡ፥ ቍጡው ለማዳ ይሆናል፤ እንጨትና ድንጋይ ይነክሳል፤ ድምፁ ይጎረናል፤ ምራቁ ይዝረበረባል፤ በመጨረሻም የኋላ እግሩ ይሰንፋል። አንዳንዱም ሳይቈጣ መንጋጋው ወድቆ ዝም ብሎ ይተኛልና «አጥንት ሰንቅሮት ይሆናል» ብሎ እጅን ወደ አፉ ማግባት አደገኛ ነው።

ሰው በተነከሰ ጊዜ ቍስሉን ወዲያው በብዙ ውሃና ሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ ያስፈልጋል። ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድና ሐኪሙ ያዘዘውን ክትባት አንድም ቀን ሳያጓድሉ መጨረስ ይገባል። በሽታው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ተደብቆ ስለሚቈይ ቍስሉ መዳኑ የጤንነት ምልክት አይደለም። ጸሎት ከክትባት ጋራ አይጣላም፤ «አስቀድሞ ቅጠሉ ይሞከር» ማለት ግን የማይመለስ ቀን ማሳለፍ ነው።

ለውሻው ደግሞ 3 ወር ሲሞላው የመጀመሪያው ክትባት ይሰጠዋል፤ ከዚያም የእንስሳት ሐኪሙ በሚያዝዘው መሠረት በየጊዜው ይታደስለታል።

፯፤ ለመምህራንና ለሽማግሎች ማሳሰቢያ

መምህር ለተማሪዎቹ የሚከተለውን በቃል ያስጠናቸው። የማያውቁት ውሻ ሲመጣ አለመሮጥ፥ አለመጮኽ፥ እንደ ዛፍ ቀጥ ብሎ መቆም፥ ውሻውን ዐይን ለዐይን አለመመልከት። የሚበላን፥ የተኛን ወይም ቡችሎች የምታጠባን ውሻ አለመንካት።

ከሁሉም በላይ ልጆች ንክሻን እንዳይደብቁ ማስተማር ያስፈልጋል። በድንጋይ ሲወረውር ወይም ቡችላ ሊሰርቅ ሲል የተነከሰ ልጅ ዱላ ፈርቶ ቍስሉን በልብሱ ይሸፍናል። ይህም ዝምታው ነፍሱን ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ ወላጆች «ውሻ ነከሰኝ» ብሎ የመጣን ልጅ ስለ ጥፋቱ ከቶ እንዳይመቱት ሽማግሎች በዕድርና በሸንጎ ይምከሩ። ልጁ ሊመከር የሚችለው በሕይወት ሲኖር ነው።

ደግሞም በአንድ አገር ካሉት 100 ውሾች 70ው በየጊዜው ቢከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉ እንደሚቋረጥ ተረጋግጧል። አንድ ሰው ውሻውን ብቻውን ቢያስከትብ ይጠቅማል፤ መንደር በአንድነት ቢያስከትብ ግን መንደሩ ሁሉ ይድናል። ሽማግሎች ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጋራ ተነጋግረው የክትባት ቀን ቢያስወስኑ፥ መምህራንም ቀኑን በተማሪዎቹ በኩል ወደ እያንዳንዱ ቤት ቢልኩ ሥራው ይቃለላል።

የክለሳ ጥያቄዎች

1ኛ፤ ቡችላ ከመወሰዱ በፊት እናቱን ማየት ለምን ይጠቅማል?
2ኛ፤ ቡችላ እስከ 8 ሳምንት ከወንድሞቹ ጋራ ሲቈይ ምን ይማራል?
3ኛ፤ ጆሮው የተቈረጠና በርበሬ የበላ ውሻ ደኅና ዘበኛ የማይሆነው ስለ ምንድር ነው?
4ኛ፤ እባጭ ያለበት ጕበት ለውሻ ቢጣል ለሕፃናት ምን ጉዳት ያመጣል?
5ኛ፤ ውሻ የነከሰው ሰው በመጀመሪያ ምን ያደርጋል? ከዚያስ ወዴት ይሄዳል?
6ኛ፤ በተማሪው መንደር ስንት ውሾች አሉ? ከእነዚህስ የተከተቡት ስንት ናቸው? እያንዳንዱ ተማሪ የቤቱን ጠይቆ በማግሥቱ ለመምህሩ ይንገር።