ዳግም ለሚፈተኑ

ይህን የምጽፈው የመውጫ ፈተና ወድቀው ቤታቸው ለተቀመጡ ወንድሞችና እህቶች ነው። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ፈተናው በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች መሰጠት በጀመረበት በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአካውንቲንግ ተፈትኜ ከመቶ 43 አመጣሁ። ማለፊያው 50 ነው። በዚያ ዙር ከተፈተኑት 150,184 ሰዎች ያለፉት 61,054 ብቻ መሆናቸውን ስሰማ ትንሽ ተጽናናሁ፤ ይሁን እንጂ ዲግሪዬን ሳልይዝ ነው መካነ ኢየሱስ፣ እናቴ ቤት የተመለስኩት። ጎረቤት «ልጅሽ ተመረቀ አይደል?» ባለ ቁጥር እሷ ወሬ ትለውጣለች።

በነሐሴ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋርጦ ነበር። በእጄ የነበሩት ደብተሮቼ፣ ጥቂት ሞጁሎችና ቀደም ብዬ በስልኬ ያወረድኩት የፈተናው ብሉፕሪንት ነበሩ። ሁለት ወር ሙሉ ደብተሮቹን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ሳነብ ሁሉም የማውቀው ነበር። ለመጀመሪያው ፈተና ያጠናሁትም ልክ እንዲሁ ነበር!

ዓይኔን የከፈተልኝ በልጅነቴ የቀራሁበት ሎህ ነው። በቀለም የጻፍነውን አያህ ሎሁን እያየን ስንቀራ ማንም አይሰናከልም። ሸኻችን ሎሁን ተቀብለውን «በል አሁን ቅራ» ሲሉ ግን ሦስተኛው አያህ ላይ ቀጥ እንላለን። በቃል ያልወጣ ሎህ ደግሞ አይታጠብም፤ ያንኑ ይዘን ነገ እንመለሳለን።

ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ያሳያል። አንድ ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎችን፣ አንድ ጊዜ አንብበው ያስታወሱትን ሳያዩ ከጻፉ ተማሪዎች ጋር አወዳደሩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን እነዚያ 42 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ሳያዩ የጻፉት 56 በመቶውን አስታወሱ።

እኔም ከሱብሒ በኋላ ደብተሬን ዘግቼ የአንድ ርዕስ የማውቀውን ሁሉ በባዶ ወረቀት መጻፍ ጀመርኩ፤ ከዚያ ከፍቼ የጎደለውን በቀይ እሞላለሁ። የመጀመሪያው ቀን ወረቀቱ ከሞላ ጎደል ቀይ ነበር። ያንኑ ርዕስ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ደግሞ ከሳምንት በኋላ እመለስበታለሁ። ከዐስር በኋላ በማኔጅመንት የወደቀ ጓደኛዬ መጽሐፌን ይዞ ይጠይቀኛል። አካውንቲንግ አያውቅም፤ ሸኻችን እንዳደረጉት መጽሐፉን ከእኔ መያዙ ይበቃል።

ሌላው የስሕተት ደብተር ነው። የሳትኩትን ጥያቄ ሁሉ በሦስት ዓምድ ከፈልኩ፦ ያላወቅሁት፣ የተምታታብኝ፣ ጥያቄውን በትክክል ያላነበብኩት። የመጨረሻው ዓምድ ረዥም ሆኖ ሳገኘው አፈርኩ። ለምሳሌ ቋሚ ወጪ 60,000 ብር፣ የአንዱ ዕቃ ዋጋ 50 ብር፣ ተለዋዋጭ ወጪው 30 ብር ቢሆን፣ ትርፍም ኪሳራም የማይኖርበት ሽያጭ ስንት ነው? 60,000ን ለ20 አካፍዬ 3,000 ብዬ አልፋለሁ። ጥያቄው ግን «በብር» ይላል፤ መልሱ 150,000 ነው። 3,000ም ከምርጫዎቹ መካከል አለ፤ እንደኔ ለሚቸኩል ሰው የተቀመጠ ነው።

ብሉፕሪንቱንም ያን ጊዜ ነው በቅጡ ያየሁት። የምወደውን ፋይናንሻል አካውንቲንግ እየደጋገምኩ ኦዲቲንግንና ታክስን ትቻቸው ኖሯል። እነሱን አስቀደምኩ።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. በድጋሚ ተፈተንኩ። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሌላ ቀን ይዘጋ ስለነበር አምስት ቀን ቀድሜ ነው የወጣሁት። 64 አመጣሁ፣ አልሐምዱሊላህ። እናቴ ውጤቱን ስነግራት መጀመሪያ የሄደችው ጎረቤት ቤት ነው።

የዚያው ጎረቤት ልጅም አንድ ጊዜ ወድቃ ነበርና የስሕተት ደብተሬን እንዳውሳት ጠየቀችኝ። ልሰጣት አውጥቼ አገላበጥኩትና መልሼ አስቀመጥኩት፤ የተጻፉበት የኔ ስሕተቶች ናቸው። ከሱቅ ባዶ ደብተር ገዝቼ ሦስት ዓምድ አሰመርኩላት።