ትልቁ ቁጥር ሁልጊዜ የተሻለ ነውን?

ከማንበባችሁ በፊት፦ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ያለው ቴሌቪዥን ከመቀመጫው ምን ያህል ይርቃል? ገምቱ።

ምንባብ

ጥበብ ቀሚስን ከቅርብ ብንመለከተው ድሩና ማጉ ተለይቶ ይታያል፤ ከሩቅ ስናየው ግን ወጥ ጨርቅ ይመስላል። የቴሌቪዥን ምስልም እንዲሁ ነው። ምስሉ የሚሠራው ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ሲሆን፣ የምስል ጥራት የሚለካው በነጥቦቹ ብዛት ነው። ዛሬ በብዛት የሚገኙት መጠኖች 1280 በ720፣ 1920 በ1080 እና 3840 በ2160 ናቸው። ፎርኬ የሚባለው የመጨረሻው 8,294,400 ነጥቦች አሉት። ይህም የሁለተኛው አራት እጥፍ ነው።

ከኢትዮጵያ ሄዶ በሐርጌሳ ከተማ ኮድቡር በተባለው ሰፈር የተቀመጠ አንድ ቤተሰብ አለ እንበል። የቤቱ ታናሽ ልጅ ፕሌይስቴሽን 4 አለው። ቴሌቪዥናቸው ባለ 43 ኢንች ሲሆን ነጥቦቹ 1920 በ1080 ናቸው። አንድ ቀን ልጁ ለኮሌጅ መመዝገቢያ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ወደ ታላቅ ወንድሙ ቀረበ።

«ወንድም ጋሼ፣ የእኛ ምስል ደብዛዛ ነው። በዚህ ገንዘብ ፎርኬ ልግዛ» አለው።

ታላቁም ሜትር አምጥቶ ከመቀመጫው እስከ ቴሌቪዥኑ ያለውን ርቀት ቢለካ 2.5 ሜትር ሆነ።

«የመስተዋቱ ወርድ 95 ሴንቲ ሜትር ነው። ለ1920 ብናካፍለው የአንዷ ነጥብ ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ጤናማ ዓይን በ2.5 ሜትር ርቀት ለይቶ የሚያየው ግን 0.7 ሚሊ ሜትር ያህሉን ነው። አሁን ያሉትን ነጥቦች እንኳ የማትለይ ከሆነ፣ አራት እጥፍ ቢበዙ ምን ይጠቅሙሃል? ደግሞም መደበኛው ፕሌይስቴሽን 4 ከ1920 በ1080 የበለጠ ምስል አያወጣም» አለው።

«ታዲያ ለምን ደበዘዘ?»

ሁለቱም የመሣሪያውን ማስተካከያ ከፍተው ቢመለከቱ፣ ምስሉ 1280 በ720 ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ቴሌቪዥኑ ጥቂቱን ነጥብ ለጥጦ መስተዋቱን ይሞላ ስለ ነበር ምስሉ ደበዘዘ። ወደ 1920 በ1080 በመለሱት ጊዜ የተጫዋቾቹ መለያ ቁጥር ጎልቶ ታየ። ከዚያም ቴሌቪዥኑን በጨዋታ ስልት ላይ አደረጉት። ይህም ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለማሳመር የሚፈጀውን ጊዜ ስለሚቀንስ፣ ኳሱ ቁልፉ እንደ ተነካ ይመታል።

ይህ ሲባል ፎርኬ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ፕሌይስቴሽን 5 ያለው ሰው ከባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን በ1.5 ሜትር ርቀት ቢቀመጥ ልዩነቱን ሊያይ ይችላል። ሆኖም አንዳንድ ጨዋታዎች በጥራትና በፍጥነት መካከል ያስመርጣሉ። በሴኮንድ 30 ምስል ሲታይ እያንዳንዱ ለ33 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይቆያል፤ 60 ሲሆን ግን ለ17 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ እግር ኳስና እንደ መኪና እሽቅድምድም ላሉት ፈጣን ጨዋታዎች ፍጥነቱን መምረጥ ይሻላል።

እንግዲህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ መሣሪያው ምን ያህል ያወጣል? ቴሌቪዥኑ ስንት ነጥብ አለው? መቀመጫው ምን ያህል ይርቃል? የኮድቡሩ ልጅ መልሱን ካወቀ በኋላ ገንዘቡን ይዞ ለመመዝገብ ሄደ።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ፦ ደበዘዘ፣ ለጠጠ፣ ወጥ፣ አጠራቀመ።

ለ. ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
1. ምስሉ የደበዘዘው በምን ምክንያት ነው?
2. ታላቅ ወንድሙ ርቀቱን የለካው ለምንድን ነው?

ሐ. «ከመግዛት በፊት መመርመር» በሚል ርእስ አንድ አንቀጽ ጻፉ።