ነጭ ዓሣ በክረምት ወዴት ይሄዳል?

በሰኔ ዝናብ ይጀምራል። በሐምሌ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይሞላሉ። ውሃቸው ይደፈርሳል፤ አፈር ተሸክመው ጣና ይገባሉ። በዚያን ጊዜ ነጭ ዓሣ ከሐይቁ መካከል ተነሥቶ ወደ ወንዞቹ አፍ ይጠጋል። ይህን የወንዝ ዳር ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። መረቡንም፣ ቅርጫቱንም የሚያዘጋጀው ያን ጊዜ ነው። ታዲያ ዓሣው ለምን ይመጣል?

ጣና ሰፊ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን ያን ያህል አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው። ከሐይቁ በብዛት የሚሰገሩት ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ጠባያቸው አንድ አይደለም። ቆሮሶ ለመራባት ወንዝ መውጣት አያስፈልገውም። በሐይቁ ዳር፣ ሣርና ደንገል ባለበት፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ይራባል። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ዶሮ ጫጩቶቿን በክንፏ እንደምትሸሽግ ማለት ነው። እነሱን በአፏ እስከያዘች ድረስ ምግብ አትበላም ማለት ይቻላል።

ነጭ ዓሣ እንዲህ አያደርግም። በአንድ ስም ነጭ ዓሣ እንበለው እንጂ ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች አሉት። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ሐይቅ አይገኙም። ከእነዚህ ብዙዎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ወንዝ ውስጥ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ መጀመሪያ በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ጎርፉን እየተቃወሙ ሽቅብ ይወጣሉ። ትልቁን ወንዝ ትተው ጠጠር ወዳለበት፣ ውሃው ጥሩና ፈጣን ወደሆነ ትንሽ ጅረት ይገባሉ። ሴቲቱ እንቁላሏን በጠጠሩ ላይ ትጥላለች፤ ወንዱ ዘሩን ያፈስበታል። ከዚያ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ።

ጠጠር የሚመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በጠጠር መካከል ውሃ ያልፋል፤ እንቁላሉም አየር ያገኛል። ደለል ከሸፈነው ግን ይታፈናል። ስለዚህ እስከ ወንዙ ከንፈር ድረስ የሚታረስ መሬት ዓሣውንም ይጎዳል። መረብ ይዞ የማያውቅ ገበሬ እንኳ በዚህ ጉዳይ እጁ አለበት።

እንግዲህ በነሐሴ ወንዝ ውስጥ የሚያዘው ዓሣ የትኛው እንደሆነ አስቡት። ሆዷን ሲቀዷት እንቁላል የሞላባት ናት። እርጉዝ ላም የሚያርድ ገበሬ የለም። ዓሣ ግን ውሃ ውስጥ ስለሆነች እርጉዝነቷ አይታይም።

ድሮ የጣና ዓሣ አስጋሪ በደንገል ታንኳ ከዳር ብዙ ሳይርቅ ያስግር ነበር። በዚህ ሙያ ከሁሉም የወይጦ ሰዎች ይታወቃሉ። በ1978 ዓ.ም. የሞተር ጀልባና ረጃጅም የናይለን መረብ ገባ። ወንዝ አፍ ላይ ተሰብስቦ የሚጠብቀውን ዓሣ ባንድ ሌሊት ጠራርጎ ማውጣት ተቻለ። ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ መጀመሪያ የያዙትን ነጭ ዓሣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከያዙት ጋር አነጻጽረው ነበር። ከአራት እጅ ሦስት እጁ ያህል ቀንሶ አገኙት። ትንንሾቹማ ከዚያም ብሰው ነበር የጠፉት። ምክንያቱ የወንዝ አፍ መረብና ብርብራ ነው አሉ።

ብርብራን ታውቁታላችሁ። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲነሰነስ ዓሣው መተንፈስ ያቅተዋል። ሰክሮ ይንሳፈፋል። ሰውየው በእጁ የሚለቅመው ጥቂቱን ነው፤ የቀረውን ውሃ ይወስደውና ይበሰብሳል። ብርብራ ትልቅና ትንሽ አይለይም። ዓሣው የሚመገባቸውን የውሃ ትላትሎች ሳይቀር ይገድላል። በሕግም የተከለከለ ነው። ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በአጥር መዝጋትም መጥፎ ነው፤ ወደ ላይ የሚያልፍ አይኖርም። የእምቦጩ ነገር ሌላ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አላነሣውም።

«ቢያልቅስ ከሌላ ቦታ ይመጣል» የሚል ይኖራል። ከየት ይመጣል? ከሐይቁ የሚወጣው ወንዝ ዓባይ ብቻ ነው። በዓባይ ላይ ደግሞ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ። ከፍታው 40 ሜትር ያህል ነው። ከታች ያለ ዓሣ ያን ዘሎ አይወጣም።

«እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይይዘዋል» የሚለው ግን እውነት ያለበት ነገር ነው። ሌላም እውነት አለ። ነሐሴ የችግር ወር ነው። ጎተራው ባዶ ነው፤ አዲሱ እህል ገና አልደረሰም። ዓሣው ደግሞ ልክ በዚያን ጊዜ በደጃፍ ያልፋል። በዚያ ላይ የፍልሰታ ጾም ስለሚሆንና ዓሣ በጾም የሚበላ ብዙ ሰው ስላለ ዋጋው ይወደዳል። ልጆቹ የራባቸውን ሰው «አትያዝ» ብሎ ማለፍ ቀላል አይደለም።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ መተው ባይቻል አስቀድሞ መቅረት ያለበት ብርብራ ነው። ቀጥሎ አጥሩ ይከፈት። በመንጠቆ ለቤቱ ወጥ አንድ ሁለት የሚይዝ ሰው ወንዙን አያጠፋውም። ለነሐሴም በበጋ መዘጋጀት ይቻላል። በበጋ ከሐይቁ የተያዘ ዓሣ ሳይውል ሳያድር ሆዱ ወጥቶ፣ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ሥጋው ተዘልዝሎ፣ ጨው ተነስንሶበት ፀሐይና ነፋስ በሚያገኝበት ይሰቀል። ዝንብ እንዳያርፍበት በስስ ጨርቅ ይሸፈን። የጣና ዓሣ ቋንጣ ሆኖ ሱዳን ድረስ ይሸጣል፤ ለራስ ቤትማ እንዴት አይሆንም? ክረምት ሲገባ እርጥበት እንዳያሻግተው ከምድጃ በላይ፣ ጢስ በሚያገኝበት ቦታ ይሰቀል።

የጎረቤቱ ጉዳይ ደግሞ አንድ ቀበሌ ብቻውን የሚጨርሰው አይደለም። ከታች ያለው ቀበሌ ወንዙን ከዘጋ ከላይ ያለው ቢጠብቅ ምን ይጠብቃል? ከላይ ያለው ብርብራ ከነሰነሰም የታችኛው ድካም ከንቱ ነው። ስለዚህ ባንድ ወንዝ ላይ ያሉ ቀበሌዎች በሰኔ፣ ውሃው ሳይሞላ፣ ተገናኝተው ይነጋገሩ። ዓሣው የሚወጣባቸውን ጅረቶች ሽማግሌዎች ያውቋቸዋል። የትኞቹ እንደሚጠበቁ፣ ማን እንደሚጠብቅ፣ አጥር ያጠረና ብርብራ የነሰነሰ ምን እንደሚቀጣ ያን ቀን ይወሰን።

በኅዳር ወንዙ ሲጠራ ጠጠሩ ባለበት ኩሬ ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ከጣት የማይበልጡ ዓሦች በቡድን ሲሄዱ ታያላችሁ። የዚያ ክረምት ልጆች ናቸው፤ ገና ወደ ሐይቅ አልወረዱም። ልጆቻችሁ በነጠላ እያጠለሉ ሊያወጧቸው ሲሞክሩ ካያችሁ ከልክሏቸው።